የሰው ድምፅ ጥበብ በጋይንት



እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በአሜሪካ ታላላቅ ከተሞች ብዙ ጥቁር ወጣቶች የሙዚቃ መሣሪያ መግዣ ስላልነበራቸው፥ በየመንገዱ መገናኛ ተሰብስበው መሣሪያውን በጉሮሯቸው ተኩት። አንዱ ዜማውን ሲመራ ሌሎቹ ትርጉም በሌላቸው ድምፆች ያጅቡት ነበር። ዱ-ዎፕ የተባለው ስልት እንዲህ ተወለደ።

የሰው ድምፅ ብቻውን ሙሉ ጥበብ መሆኑን ግን ጋይንት ከዚያ አስቀድማ ታውቃለች። ቤተልሔም የድጓ፥ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። ትውፊት ዜማውን ለ6ኛው መቶ ዓመት ሊቅ ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል፤ ምልክቱን በ16ኛው መቶ ዓመት፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሩት ይነገራል።

የዱ-ዎፕ ዘፋኞች ልዩ ልዩ ድምፆችን በአንድ ጊዜ ያስማማሉ፤ የድጓ ሊቃውንት አንዱን ዜማ በኅብረት፥ ወይም ቀኝና ግራ ተቀባብለው ያዜማሉ። ዱ-ዎፕን ሸክላ አተረፈው። የድጓ ምልክት ግን የተማረውን ያስታውሳል እንጂ ያልተማረውን አያስተምርም። ድልድይ ቢፈርስ ከንድፉ ዳግም ይታነጻል፤ ወንበሩን ሳያስረክብ ያለፈ መምህር ግን ንድፍ የለውም። ስለዚህ የድምፅ መቅረጫ ቢረዳም፥ አስቀድሞ የመምህሩ ወንበርና የቆሎ ተማሪው ቁራሽ ይጠበቁ።