ከትራስ ሥር ያለው መጽሐፍ
(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናወራው ስለ ጀብዱ መጽሐፍ ነው። አዎ፣ ልጆቻችን ከትራስ ሥር ስለሚደብቁት መጽሐፍ።

አንዳንድ አባት ልጁን ልብ ወለድ ይዞ ሲያገኘው «ቁርኣንህን ትተህ ተረት ታነባለህ?» ብሎ ይቀማዋል። ስጋቱ ይገባናል። የመግሪብ አዛን እየተሰማ ልጅ «ይችን ምዕራፍ ልጨርስ» ሲል ማን ደስ ይለዋል? በሶላት ላይ ድርድር የለም። ሆኖም መጽሐፉን የቀማነው ልጅ በምትኩ ወዴት ይሄዳል? ብዙውን ጊዜ ወደ ቁርኣኑ ሳይሆን ወደ ስልኩ ነው።

ተከታታይ መጽሐፍ የራሱ ጠባይ አለው። የመጀመሪያውን ክፍል ያነበበ ልጅ ባለታሪኮቹን ይለምዳቸዋል። ሁለተኛውን ሲከፍት ከዘመዶቹ ቤት የገባ ያህል ነው። በዚህ አኳኋን ሳይታወቀው ሺህ ገጽ ይጨርሳል። ሺህ ገጽ የጨረሰ ልጅ ደግሞ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ውፍረቱ አያስፈራውም።

የቀደመው ትውልድ ይህን ጣዕም የቀመሰው በስለላና በወንጀል ታሪኮች ነው። የይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች ነበሩ። በወሎ ዋግ ተወልደው በ2004 ዓ.ም. ያረፉት ማሞ ውድነህ ደግሞ የስለላ ታሪኮችን በአማርኛ አስነብበዋል። መጽሐፍ በሳንቲም ይከራይ በነበረበት ዘመን ሽፋኑ የተገነጠለ፣ የመጨረሻ ገጹ የጎደለ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳያውቁ የቀሩ ስንት ይሆኑ!

ዐረብኛ ለሚቀሩ ደረሶቻችን ደግሞ ሌላ በር አለ። ግብጻዊው ማሕሙድ ሳሊም እ.ኤ.አ. በ1968 «አምስቱ ጀብደኞች» የተባለውን ተከታታይ መጽሐፍ ጀመረ። ባለታሪኮቹ በካይሮ መዓዲ ሠፈር የሚኖሩ ልጆች ናቸው። መሪያቸው ወፍራሙ ተኽተኽ ሲሆን ታናሻቸው ሎዛ ትባላለች (ስሟ ለእኛም ጆሮ እንግዳ አይደለም)። ሐሳቡ የተቀዳው ከእንግሊዛዊቷ ኢኒድ ብላይተን መጻሕፍት ቢሆንም መንገዱና ሠፈሩ የካይሮ ሆኗል። ሐኪሙ ነቢል ፋሩቅም እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ስለ ሰላዩ አድሀም ሰብሪ 160 ያህል የኪስ መጻሕፍት ጽፎ ብዙ የዐረብ ወጣቶችን አንባቢ አድርጓል። አጅሩሚያን የጨረሰ ደረሳ ነሕዉን ዕለታዊ ነገር በሚያወራ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲያገኘው ትምህርቱ ይረጋለታል። ኪታቡን አይተካለትም፤ ያግዘዋል እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይቆጨናል። የመዓዲ ልጆች የራሳቸውን ሠፈር በመጽሐፍ አግኝተዋል። ከአረብ ገንዳ ተነስተው የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው፣ ቦርከና ዳር የጠፋ ዕቃ የሚፈልጉ የአሕመድና የዘይነባ ታሪክ ግን የት አለ? ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ተራርቀው አንዱ ጉም ሲለብስ ሌላው ይሞቃል። ለጀብዱ ከዚህ የተሻለ አገር ከየት ይመጣል! ብዕር የሚይዙ ወጣቶቻችን ያስቡበት።

ጀብዱ ከምዕራብ የመጣ ነገር የሚመስለውም አለ። ኢብን ጡፈይል በ12ኛው ክፍለ ዘመን በደሴት ላይ ብቻውን ስላደገው ሐይ ኢብን የቅዟን ጽፏል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1671 በላቲን ቋንቋ ታትሟል። «ሮቢንሰን ክሩሶ» የወጣው በ1719 ነው። ኢብን በጡጣም እ.ኤ.አ. በ1325 ከጠንጃ ሲነሳ ዕድሜው 21 ነበር። ዘይላዕ ደርሶ የዓሣውንና በየመንገዱ የሚታረደውን ግመል ግማት ሸሽቶ ሌሊቱን መርከብ ላይ ማደሩን ሳይደብቅ ነግሮናል። ይህን ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው፤ ይስቃሉ።

ስለ ሃሪ ፖተር የሚጠይቁን ወላጆች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2007 በ7 ክፍል የወጣ፣ የአስማት ትምህርት ቤት ታሪክ ነው። ሲሕር በእስልምና ከባድ ወንጀል ነው፤ ፈትዋውን ለዑለሞች እንተዋለን። ለወላጅ የምንለው ግን፣ መጽሐፉን ሳያዩ «አይሆንም» ማለት ልጁን መደበቅ ያስተምረዋል። ጥቂት ምዕራፍ አንብባችሁ፣ ያልወደዳችሁትን ለይታችሁ ንገሩት። አባቱ ገጹን ጠቅሶ የተቃወመውን ነገር ልጅ በቀላሉ አይረሳም።

መጽሐፍ ዋጋው እንደ ናረ እናውቃለን። አራት ጎረቤታሞች የአንድን ተከታታይ መጽሐፍ አንድ አንድ ክፍል ቢገዙና ቢለዋወጡ አራቱም ቤት አራቱን ያነባል። መጀመሪያ የሚያነበው ግን ገጽ የማይገነጥል ልጅ ይሁን፤ በተለይ የመጨረሻውን።