ከአባት መድረክ፣ ከአያት ጓዳ



ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለደ። ልጅ ሳለ የታርዛንን ፊልም ሲያይ የሚሳሳው ለታርዛን ነበር። አፍሪካውያኑ ከኋላ ሲመጡበት ከእኩዮቹ ጋር እየጮኸ ያስጠነቅቀው እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ቤቱ ውስጥ ግን ሌላ ትምህርት ነበረው። አባቱ ተውኔት እየጻፉ በየገጠሩ ዞረው ያሳዩ ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ እሳት ዳር ተረት ይሰማ ነበር።

ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ልጅ ውስጥ ለዓመታት ተሟገቱ። አሜሪካ ሄዶ መጀመሪያ ቺካጎ ትያትር፣ ቀጥሎም ሎስ አንጀለስ ፊልም ተማረ። እዚያ እንደ ቻርልስ በርኔት ያሉ የሆሊውድን አተራረክ አንቀበልም ያሉ ጥቁር ተማሪዎች አገኘ። ከእነርሱ ድፍረት ተማረ፤ ታሪኩን ግን ከአገሩ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1974፣ የንጉሡ ዘመን በሚያከትምበት ሰሞን ተመልሶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ ቀረጸ። ከካሜራው ፊት የቆሙት አብዛኞቹ ተዋንያን አልነበሩም። ጉዳዩም የጭሰኛና የባለርስት ኑሮ ነበር።

ይህ ሰው «ሳንኮፋ» የተሰኘ ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጨርስ ትልልቆቹ አከፋፋዮች አልተቀበሉትም። ሲኒማ ቤት እየተከራየ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ አሳየው። አባት በጎንደር ገጠር ያደረጉትን ልጅ በአሜሪካ ከተሞች ደገመው ማለት ነው። ሌላው ፊልሙ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ ታላቁን ሽልማት ሲያገኝ ተመልካች የሚያውቀው ዝናውን ነው፤ ለፊልም ሠሪ የሚጠቅመው ግን ያ የኪራይ አዳራሽ ነው።

የፊልም ሠሪው የያሬድ ዘለቀ መነሻ ከዚህ ይለያል። እርሱን አዲስ አበባ ውስጥ ያሳደጉት አያቱ ናቸው። «ላምብ» በተሰኘው ፊልሙ ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱን አጥቶ ከበጉ ጋር ዘመድ ቤት ይላካል። አጎቱ በጓን ለበዓል ሊያርዳት ሲያስብ ልጁ የሚተማመነው ጓዳ በተማረው የምግብ ሙያ ነው። ወንድ ልጅ ድስት ሥር! ይህን ለማሰብ ጓዳ ያደገ ልጅ መሆን ያሻል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ።

ሐረር ያደገችው ፊልም ሠሪ ጄሲካ በሽር ደግሞ በልጅነቷ ጥላው ወደ ሄደችው አገር እየተመላለሰች «ፋያ ዳዪ»ን ለመሥራት አሥር ዓመት ገደማ ወስዳለች። በፊልሙ ውስጥ ጫት ለቃሚው የሚናገረው አፉን በፈታበት በኦሮምኛ ነው።

ዛሬ ከፊልም ትምህርት የሚመረቁት ወጣቶች ደግሞ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ ታሪክ ያለው አዲስ አበባ መሐል፣ አለበለዚያም ባሕር ማዶ ነው ብለው ያስቡ ይሆናል። ይህ ሐሳብ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ኃይሌ ያነሳው የመሬት ጥያቄ መልኩን ቀይሮ በእነዚህ ከተሞች ደጃፍ ይኖራል። ትናንት ጤፍ የተዘራበት ማሳ ዛሬ ፋብሪካና የመኖሪያ መንደር ሆኗል። ከቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ግድብ አዲስ አበባን ውኃ ያጠጣል። ሱሉልታ ላይ ሯጮች ገና ሳይነጋ ይወጣሉ፤ ማን እንደሚያበላቸው፣ ከማን ጋር ቤት ተከራይተው እንደሚኖሩ የጠየቀ ፊልም ሠሪ ግን ጥቂት ነው። ሰበታ ደግሞ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ፤ የድምፅ ባለሙያ መሆን የሚፈልግ ተመራቂ አንድ ሳምንት እዚያ ቢቆይ፣ ከተማው በጆሮ ምን እንደሚመስል ከተማሪዎቹ የተሻለ የሚነግረው አያገኝም።

እርሻው የት ድረስ እንደነበር በእጃቸው የሚያሳዩ አዛውንት ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ተመራቂዎቹ መጀመሪያ ወደ እነርሱ ቢሄዱ፣ በሚቀናቸው ቋንቋ ቢያናግሯቸው፣ በስልክም ቢሆን ቢቀርጿቸው፣ የቀረጹትንም በየሰፈሩ አዳራሽ መልሰው ቢያሳዩአቸው የመጀመሪያ ፊልማቸውንና የመጀመሪያ ተመልካቻቸውን በአንድ ጊዜ ያገኛሉ።