ብሉይ ማተሚያ፣ ሐዲስ ሥርዓት

አንደኛ አቅራቢ፦ እኅቴ ሆይ፣ ባለፈው ሳምንት ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ፣ የእስረኞች ቤተ ዘመድ ስንቅ አድርሰው ሲመለሱ ማመልከቻ ከሚያስጽፉባት ጠባብ ቤት ጎራ ብል፣ ጸሓፊው ኮምፒውተሩን ከዊንዶውስ 7 ወደ ዊንዶውስ 10 ካሳደገ ወዲህ ፕሪንተሩ አንደበቱ እንደ ተዘጋው እንደ ዘካርያስ ዝም ብሎ፣ አንዲት እናት የልጃቸውን የይግባኝ ወረቀት በትዕግሥት ሲጠብቁ አየሁ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ፕሪንተሩስ ምን በደለ! ድራይቨር በሥርዓቱና በመሣሪያው መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነውና፣ ለ32 ቢት የተጻፈው በ64 ቢት ሥርዓት አይሠራም፤ ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ፣ ባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስ ወደ ከርነሉ፣ ማለትም ወደ ሥርዓቱ እምብርት፣ የሚገባውን ድራይቨር ሁሉ ዲጂታል ማኅተም ይጠይቀዋል።

አንደኛ አቅራቢ፦ መፍትሔውስ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ከዲቫይስ ማኔጀር የመሣሪያውን መለያ ቁጥር ገልብጦ ከአምራቹ ዘንድ መፈለግ፤ ለዊንዶውስ 10 የተዘጋጀ ቢታጣ፣ ለዊንዶውስ 7 የወጣው ባለ 64 ቢት ብዙ ጊዜ ይሠራልና እርሱን መሞከር፤ ያም እንቢ ካለ ሊኑክስ የተባለ ሌላ ሥርዓት አለ። ምንጩ ካልታወቀ ፍላሽ የተቀዳውን ግን እኔ አልነካውም።

አንደኛ አቅራቢ፦ ጸሓፊው እንዲሁ አድርጎ በማግስቱ ተሳካለት፤ እናቲቱ ግን ያን ዕለት ወረቀታቸውን ያሳተሙት ከመንገዱ ማዶ ነበር።