የሚያስረውና የማያስረው ገደብ



ጆርጅ ስቲግለር በ1945 እ.ኤ.አ. ከ77 ምግቦች መካከል 9 የንጥረ ምግብ መስፈርቶችን የሚያሟላውን እጅግ ርካሽ ቀለብ ፈለገ። በኋላ በሲምፕሌክስ ዘዴ የተገኘው መልስ አምስት ምግቦችን ብቻ መረጠ፦ የስንዴ ዱቄት፣ የበሬ ጉበት፣ ጥቅል ጎመን፣ ስፒናችና ነጭ ቦሎቄ። ካልሲየም በቀን ልክ በተጠየቀው 0.8 ግራም ላይ ቆመ፤ ይህ ገደብ ያስራል፤ ጥቂት ብናጠብቀው ወጪው ይጨምራል። ፕሮቲን ግን 70 ግራም ተጠይቆ 147 ሆነ፤ መስፈርቱን ወደ 100 ብናሳድገው እንኳ ወጪው በሳንቲም አይለወጥም።

ወጣት መምህር ሳለሁ እንዲህ ያለውን ገደብ «ሰርዙት» እል ነበር። በእነዚያ ዋጋዎች መልሱ በእርግጥ አይለወጥም። ፕሮቲን ያለባቸው ምግቦች ዋጋ ሲንር ግን ያው ገደብ ሊያስር ይችላል፤ ቀድመን ከሰረዝነው ኮምፒውተሩ ፕሮቲን የጎደለውን ቀለብ ያለ ማስጠንቀቂያ ያቀርብልናል።