ካርቦን 14 ስለ አፈር የሚመሰክረው



ካርቦን 14 ጨረር አመንጪ ነው፤ እኩሌታው የሚያልቀውም በ5,730 ዓመት ገደማ ነው። በተፈጥሮ በአየር ውስጥ ጥቂት ይገኛል። ነገር ግን ኃያላን መንግሥታት በአየር ላይ ካፈነዱት የኑክሌር ቦምብ የተነሣ በ1963 እ.ኤ.አ. አካባቢ በሰሜኑ የዓለም ክፍል መጠኑ እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። በዚያው ዓመት ሙከራውን የሚከለክል ውል ከተፈረመ በኋላ ግን ከአየር እየቀነሰ ሄደ።

ወዴት ገባ? ከፊሉ ወደ ውቅያኖስ፥ ከፊሉም ወደ ተክል። ቅጠል ከአየር ይስበዋል፤ ቅጠሉ ሲረግፍ፥ ሥሩም ሲሞት ወደ አፈር ይገባል፤ በአፈር ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን አብላልተው ወደ አየር ይመልሱታል። ሊቃውንት ይህን በሒሳብ ሲያስሉ አየሩን፥ ተክሉንና አፈሩን እንደ ሦስት ጎተራ ይቆጥራሉ፤ በየዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈውንም ይመዘግባሉ። ካርቦን 14 የሒሳቡ ምስክር ነው።

ምስክሩም ስሕተት አገኘ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ በአፈር ውስጥ የተለካው ካርቦን ሒሳቡ ከገመተው እጅግ ያረጀ ነው። እንግዲያውስ አዲሱ ካርቦን ወደ አፈር የሚገባው በዝግታ ነው፤ አፈር በዚህ ምዕት ዓመት ከአየር ያነሣልናል ተብሎ የታሰበውም ያንሳል።

እኛም ዛፍ ስንተክል፥ ስንት ተተከለ ብቻ ሳይሆን፥ ካርቦኑ ስንት ዘመን ይቆያል ብለን እንጠይቅ። ሒሳብ ቢያምርም አፈር ካልመሰከረለት አንመነው።