የሰው አገር ወጥ በሐላል ማዕድ
(በሬዲዮ ፕሮግራም ከቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በዛሬው ዝግጅታችን ወደ ማዕድ ቤት ጎራ እንላለን። ምክንያቱም አንዲት እህት የላከችልን ጥያቄ ነው። እህታችን በዐረብ አገር በሰው ቤት ሰባት ዓመት ሠርታ ተመልሳለች። እዚያ ሳለች ለአሠሪዎቿ ከምታበስላቸው ምግቦች አንዱ «ቢፍ ስትሮጋኖፍ» የሚባለው በክሬም የሚሠራ የበሬ ሥጋ ወጥ ነበር። አሁን በገዛ ጎጆዋ ሠርታ ብታቀርበው ባለቤቷ «ይህ የካፊር ምግብ ነው፣ ሐራም ነው» ብሎ ከገበታው ተነሣ። ልጆቹም አባታቸውን አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ለባዕድ ሰባት ዓመት ያበሰልኩትን ለልጆቼ ባበስል ወንጀል ይሆንብኛልን?» ስትል ትጠይቃለች።

ወንድሞችና እህቶች! ጉዳዩ ሲታይ የአንድ ድስት ወጥ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ ሦስት ከባድ ነገሮች አሉ። አንደኛው ያለ ዕውቀት «ሐራም ነው» ማለት ነው። ሁለተኛው የአንዲት ሚስት ድካም ነው። ሦስተኛው ልጆች ከአባታቸው የሚማሩት ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ኡለማዎቻችን እንዳስተማሩን በምግብና በመሰል ነገሮች መሠረቱ ፈቃድ ነው። ሐራም የሚባለው በማስረጃ የተከለከለው ብቻ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ነሕል 116ኛው አንቀጽ ላይ በምላሳችን እንዳሻን ይህ ሐላል ነው፣ ያ ሐራም ነው እያልን በእርሱ ላይ እንዳንዋሽ አስጠንቅቆናል። አንድ ምግብ ከየት አገር መጣ የሚለው ጥያቄ ሐራም አያደርገውም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በተቡክ ዘመቻ ሳሉ አይብ ቀርቦላቸው ቢላ አስመጥተው፣ የአላህን ስም ጠርተው እንደቆረጡት አቡ ዳውድ ዘግበዋል።

«እኔ ግን አልወደውም» የሚል ሰው ቢኖርስ? መብቱ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፊት የበረሃ እንሽላሊት ተጠብሶ በቀረበ ጊዜ እጃቸውን አነሡ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) «ሐራም ነውን?» ብለው ቢጠይቁ፣ ሐራም እንዳልሆነ፣ ነገር ግን በወገኖቻቸው አገር የማይገኝ በመሆኑ እንዳልተመቻቸው ገለጹላቸው። ኻሊድም እርሳቸው እያዩ በሉት። ይህንን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እንግዲህ «አልለመድኩትም» እና «ሐራም ነው» ሁለት የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን እናስተውል። በዚያ ላይ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን ፈጽሞ አያነውሩም ነበር፤ ከወደዱት ይበላሉ፣ ካልወደዱት ይተዉታል።

ወደ ምግቡ እንምጣ። ስትሮጋኖፍ የሚለው ስም የመጣው ስትሮጋኖቭ ከሚባል የሩሲያ ባለጸጋ ቤተሰብ ነው። በመጽሐፍ ታትመው ከሚታወቁት አሠራሮች ቀደምቱ የሚገኘው ኤሌና ሞሎኾቬትስ የተባለች ሩሲያዊት ለወጣት ባለትዳሮች ባዘጋጀችው መጽሐፍ የ1871 እ.ኤ.አ. እትም ውስጥ ነው። በዚያ አሠራር የነበረው የበሬ ሥጋ፣ ሰናፍጭ፣ መረቅና ጥቂት ጎምዛዛ ክሬም ነበር፤ ሽንኩርትም ሆነ እንጉዳይ አልነበረበትም። እነዚህ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። በመሠረቱ በውስጡ የሚያስጠረጥር ነገር የለም ማለት ነው።

ታዲያ መጠንቀቅ የሚገባን የት ላይ ነው? አራት ነገሮች ላይ ነው።

1ኛ. ሥጋው። በሸሪዓው መሠረት የታረደ መሆን አለበት። በአገራችን ከሙስሊም ሥጋ ቤት መግዛት ነው። በውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ ከታመነ የሐላል ሥጋ ቤት ግዙ።

2ኛ. የወይን ጠጅና ኮኛክ። አንዳንድ ሆቴሎችና አንዳንድ አብሳዮች ወደ መረቁ ይጨምሩታል። «እሳቱ ያተነዋል» የሚሉ አሉ። ይህ በሳይንሱም ትክክል አይደለም። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ያወጣው ሠንጠረዥ እንደሚያሳየው ከምግብ ጋር ተቀላቅሎ 15 ደቂቃ ከበሰለ አልኮል 40 በመቶው፣ ከ30 ደቂቃ በኋላም 35 በመቶው ይቀራል። ሁለት ሰዓት ተኩል ቢንተከተክ እንኳ 5 በመቶ ያህል አይጠፋም። የስትሮጋኖፍ መረቅ ደግሞ እሳት ላይ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ቢተን ኖሮስ? ኸምርን መግዛትና ወደ ቤት ማስገባት ራሱ የተከለከለ ነው። ስለዚህ በሆቴል ስታዙ ሳታፍሩ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

3ኛ. ክሬሙና የመረቅ ኩቡ። ተሽጎ የሚሸጥ ጎምዛዛ ክሬም፣ በተለይም ቅባቱ የተቀነሰለት፣ አንዳንዱ እንዲረጋ ጄላቲን ይገባበታል። ጄላቲን ከአሳማም ከከብትም ይሠራል። የመረቅ ኩብም የሥጋ ቅመምና ስብ ሊኖረው ይችላል። በማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ እናንብብ።

4ኛ. ሰናፍጩ። ዲዦን የሚባለው የፈረንሳይ ሰናፍጭ ብዙ ጊዜ በነጭ ወይን ጠጅ ይዘጋጃል። በኮምጣጤ ወይም በአቼቶ የተዘጋጀው ግን ሌላ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ኮምጣጤን ማባያ አድርገው በልተው አመስግነውታል። ወይን ጠጅ በራሱ ጊዜ ወደ ኮምጣጤ ከተለወጠ ሐላል መሆኑን ኡለማዎች ተስማምተውበታል። ሰው አንድ ነገር ጨምሮበት ሆነ ብሎ የለወጠውን ግን የሐነፊ መዝሀብ ሲፈቅድ የሻፊዒ መዝሀብ አይፈቅድም። በአገራችን የሁለቱም ተከታዮች ስላሉ በዚህ ነገር አንዱ ሌላውን ሊያወግዝ አይገባም። ከክርክሩ መውጣት ለሚፈልግ ቀላል መንገድ አለ፤ የኛው አገር የሰናፍጭ ዱቄት በውኃና በጥቂት ሎሚ ተለውሶ ሥራውን በሚገባ ይሠራል።

እንግዲህ ይህ ከታወቀ አሠራሩ ቀላል ነው። ለአራት ወይም ለአምስት ሰው የሚበቃውን እንንገራችሁ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

ግማሽ ኪሎ ለስላሳ የበሬ ሥጋ፣ ሽንጥ ወይም ጭቅና ቢሆን ይመረጣል። ሩብ ኪሎ እንጉዳይ። አንድ ትልቅ ሽንኩርት። ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የገበታ ቅቤ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት። አንድ የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት። አንድ ብርጭቆ ተኩል መረቅ። አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ። ሦስት ሩብ ብርጭቆ ጎምዛዛ ክሬም። ጨውና ቁንዶ በርበሬ።

ጎምዛዛ ክሬም ያላገኘ አይጨነቅ። አንድ ብርጭቆ የወተት ክሬም ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ነው። ወይም ወፍራም እርጎ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሮ ሁለት ሰዓት ያህል ውኃውን ማንጠፍጠፍ ይበቃል። እንጉዳይ ውድ ከሆነም ይተው፤ ቀድሞም አልነበረበትም ብለናል።

ሥጋውን ከጭረቱ በተቃራኒ በቀጭኑ ቁረጡት። ጭረቱን ተከትሎ ከተቆረጠ ለጥርስ ያስቸግራል። ውኃውን በጨርቅ አድርቁለት፤ እርጥብ ሥጋ በመጥበሻ ላይ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስንሱበት። መጥበሻው በደንብ ሲግል ዘይቱን አድርጉና ሥጋውን በሁለት ዙር፣ እያንዳንዱን ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ጠብሳችሁ ወደ ሳህን አውጡ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ብትጨምሩት መጥበሻው ይቀዘቅዝና ሥጋው ውኃ ያወጣል።

በዚያው መጥበሻ ቅቤውን አቅልጡና ሽንኩርቱን አምስት ደቂቃ አቁላሉ። እንጉዳዩን ጨምሩና ያወጣው ውኃ እስኪደርቅ ጠብቁ። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ቀጥሎም ዱቄቱን ጨምራችሁ አንድ ደቂቃ አማስሉ። መረቁን ጥቂት በጥቂት እያፈሰሳችሁ አማስሉት፤ እንዳይጓጉል። ሰናፍጩን ጨምሩና አምስት ደቂቃ ያህል ይንተክተክ።

አሁን ጥንቃቄ የሚጠይቀው ቦታ ደረሰ። እሳቱን ቀንሱ። ክሬሙን በሌላ ሳህን አድርጋችሁ ሁለት ጭልፋ ትኩስ መረቅ በላዩ እየጨመራችሁ አለማምዱት፣ ከዚያ ወደ መጥበሻው መልሱት። ሥጋውን ከወጣው ጭማቂ ጋር ጨምሩና ሁለት ደቂቃ አሙቁት። እንዳይፈላ! ከፈላ፣ በተለይ እርጎ ከሆነ፣ ወተቱ እንደ አይብ ይቆራረጣል። ጨውን ቀምሳችሁ አስተካክሉ። በሩዝ፣ በፓስታ ወይም በተፈጨ ድንች ላይ ይቀርባል። ያገኛችሁት ሥጋ ጠንካራ ከሆነ ክሬሙ ከመግባቱ በፊት በመረቁ ውስጥ ተከድኖ በለዘብተኛ እሳት አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይብሰል፤ መረቁ ሲያልቅ ውኃ መጨመር ነው።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንመለስ። በዐረብ አገር የሠሩ እህቶቻችን ይዘው የሚመለሱት ገንዘብ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ሙያ ይዘው ይመለሳሉ። ያ ሙያ በእንባና በላብ የተገኘ ነው። ለባዕድ ጠረጴዛ የዋለው እጅ ለገዛ ልጆቹ ሲዘረጋ «ሐራም» ተብሎ መመለሱ ልብ ይሰብራል። ለእህታችን ባለቤት የምንለው ይህንን ነው፦ ወንድማችን፣ ጥርጣሬ ከገባህ «ሥጋው ከየት ነው? ምን ገባበት?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ ንጹሕ ከሆነ ቢስሚላህ ብለህ ቅመስ። ካልጣመህ በለሰለሰ ቃል ተወው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር፣ ሰላት ሲደርስም ወደ ሰላት ይወጡ እንደነበር ነግረውናል። ሽንኩርት መላጥ የወንድን ክብር አይቀንስም።

ሦስተኛው ልጆቹ ናቸው። አባት በቁጣ «ሐራም» ሲል የሰሙ ልጆች ዲን ማለት የማያውቁትን ሁሉ መጥላት ይመስላቸዋል። አባት የማሸጊያውን ጽሑፍ ሲያነብ፣ ሲጠይቅ፣ ከዚያም በቢስሚላህ ሲበላ ያዩ ልጆች ግን ሚዛኑን ይማራሉ። ነገ ብቻቸውን ከሰው አገር ገበታ ፊት ሲቀመጡ የሚጠብቃቸው ይህ ሚዛን ነው።

ለእህታችን መልሳችን እንግዲህ፦ ከላይ የጠቀስናቸውን ከጠበቅሽ ምግብሽ ሐላል ነው። ቤተሰብሽን ለማስደሰት ነይተሽ ከሠራሽው ደግሞ አጅር ይጻፍልሻል፣ ኢንሻአላህ። አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለአቡ ዘር (ረ.ዐ) መረቅ ሲሠሩ ውኃውን አብዝተው ጎረቤቶቻቸውን እንዲያስቡ መክረዋቸዋል። ይህ ወጥ ደግሞ መረቁ ብዙ ነው። ግማሽ ኪሎ ሥጋ ለመግዛት አቅም የሌለው ጎረቤት በግድግዳው ማዶ ሽታውን ብቻ አሽትቶ እንዳያድር።

አላህ (ሱ.ወ) ሐላል ሲሳይን ይወፍቀን፣ በምንበላውም በረካ ያድርግልን፣ በየቤታችንም ፍቅርና እዝነትን ያስፍንልን። ኣሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።