«አዝማሪ ቤት» ማንን ይጠራል?

ዛሬ «አዝማሪ ቤት» የሚለውን ስም እንፈትሽ። «አዝማሪ» ከግእዙ «ዘመረ» የወጣ ነው፤ «መዝሙር» እና «መዘምር»ም የዚያው ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ጠላ ቤትና ጠጅ ቤት በሚሸጡት መጠጥ ሲጠሩ፣ አዝማሪ ቤት የሚጠራው በሰው ነው፤ ማሲንቆውን ይዞ፣ የእንግዳውን ስም ጠይቆ እዚያው ስንኝ በሚቋጥርለት ባለሙያ። «አዝማሪ መናቂያ ቃል አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ለዘመናት መናቂያ መሆኑ እውነት ነው፤ ንቀቱ ግን የእኛ እንጂ የቃሉ አይደለም። የደርግ ሰዓት እላፊ አፍኖት የነበረው የሌሊት ጨዋታ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሲያንሰራራ፣ በአዲስ አበባ ካዛንቺስ የነበሩ እንደ ፈንድቃ ያሉ ቤቶች ስሙን በኩራት ይዘውት ነበር።

ታዲያ ጋምቤላ ከተማ፣ ባሮ ወንዝ ዳር፣ ሰዎች ተሰብስበው ቶም የተባለውን የአኙዋክ የሙዚቃ መሣሪያ የሚያደምጡበትን ቦታም «አዝማሪ ቤት» እንበለው? ሁለቱም ጨዋታ ናቸው፣ ምን ልዩነት አለው የሚል ሊኖር ይችላል። ልዩነቱ እጅ ላይ ነው። የማሲንቆ ነጠላ የፈረስ ጭራ ክር በደጋን ይገዘገዛል፤ ቶም ግን በእንጨት ሳጥን ላይ የተደረደሩ የብረት ምላሶች አሉት፣ ተጫዋቹም በአውራ ጣቶቹ ጫን ለቀቅ ያደርጋቸዋል። ሙያው ሌላ፣ የግጥሙም ቋንቋ ሌላ ነው። «አዝማሪ ቤት» ባለሙያውን የሚያከብር ስም ከሆነ፣ የጋምቤላውንም ባለሙያ የምናከብረው ቦታውን የራሱ ሰዎች በሚጠሩበት ስም ስንጠራው ነው።